እጁን የፈራ ፍሬ ቆራጭ

ልጣጭ ይሉታል። ይህን ቅጽል ስም ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ብርቱካን ሲልጥ ልጣጩ ሳይበጠስ ከላይ እስከ ታች እንደ ጥብጣብ ተጠምዝዞ ስለሚወርድለት ነው የሚሉ አሉ፤ የለም፣ ሰውየው ራሱ ቀጭን ስለሆነ ነው የሚሉም አሉ። እሱ ሁለቱንም ሰምቶ ይስቃል።

የሚሠራበት ፍራፍሬ ቤት ከፊት መስታወትና ወንበር፣ ከኋላ ደግሞ ጠባብ ክፍል አለው። ልጣጭ የኋለኛው ክፍል ሰው ነው። ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ ረጅም የብረት ጠረጴዛ፣ አንድ ትልቅ ማቀዝቀዣ፣ ወደ ጓሮ የሚያወጣ በር፣ ከበሩ ውጪ ቧንቧ፤ ዓለሙ ይኸው ነው። ጠዋት የመጣውን ፍሬ ያጥባል፣ ይለያል፣ ይልጣል፣ ይከትፋል። እሳት አይነካም፤ ምድጃ የሚባል ነገር እዚያ ቤት የለም። "እኔ ፀሐይ አብስላ የላከችልኝን ነው የማቀርበው" ይላል ሲቀልድ።

ፍሬ የሚመርጠው በዐይኑ ብቻ አይደለም። አናናሱን ገልብጦ ቂጡን ያሸታል። ሐብሐቡን በጣቱ አንኳኩቶ ጆሮውን ይጥላል። ማንጎውን ከዛፉ የተቀነጠሰበት ጋ በአውራ ጣቱ ጫን ያደርገዋል። ሙዝና ፖም ተቆርጠው እንዳይጠቁሩ ወዲያው ሎሚ ያርከፈክፍባቸዋል። ከሁሉ በላይ ግን የሚታወቀው በብርጭቆ ጣፋጩ ነው፤ ከታች የተፈጨ ማንጎ፣ በላዩ ስስ ሙዝ፣ ከዚያ እንደገና ማንጎ፣ ጫፉ ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ እንጆሪ። ስኳር የሚባል አይገባበትም። የቤቱ ባለቤት፣ ሁሉም እትዬ የሚሏቸው ሴትዮ፣ ሰው እንግዳ ሲያመጣ "የልጣጭን ብርጭቆ አምጡለት" ይላሉ እንጂ ሌላ ስም አልሰጡትም።

ታዲያ ይህ ሰው ማንጎ ይፈራል። ማንጎውን ብቻ አይደለም፤ ማንጎ የነካ እጁን ይፈራል።

ምክንያቱ ልጁ ናት። ሚጣ ይሏታል። ገና ድክድክ በምትልበት ጊዜ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ የበሰለ ማንጎ ይዞላት ገባ። ለስላሳውን ቦታ መርጦ፣ በስሱ ቆርጦ፣ በገዛ እጁ አፏ ውስጥ አደረገላት። ልጅቷ ሣቀች። "ጨምር" ብላ አፏን ከፈተች። ሁለተኛውን ሳትውጥ ከንፈሯ አበጠ፣ ዐይኗ ተደፈነ፣ ከደረቷ ውስጥ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ይወጣ ጀመር። ጤና ጣቢያው ጋ እንዴት እንደደረሱ እሱም ሚስቱም እስከ ዛሬ አያስታውሱትም። የሚያስታውሱት ሐኪሙ የተናገረውን ነው።

"ልጃችሁ የማንጎ አለርጂ አለባት። መብላት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ማንጎ የነካው ማንኪያም፣ ማንጎ የነካው እጅም ሊቀሰቅስባት ይችላል። ቆዳዋ ላይ ብቻ ከወጣ ይህን ሽሮፕ ስጧት። ትንፋሿ ካፏጨ ግን ቆማችሁ አትዩ፣ ይዛችሁ ሩጡ።"

ያ ፉጨት ከልጣጭ ጆሮ አልወጣም። በር ሲጥ ሲል የሷን ትንፋሽ ይመስለዋል። ማንቆርቆሪያ ሲፏጭ ብድግ ይላል።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲወጣ ጓሮው ቧንቧ ጋ ቆሞ እስከ ክርኑ በሳሙና ይታጠባል፣ ጥፍሩን በብሩሽ ይፈገፍጋል፣ ልብሱን ይቀይራል። ጓንትም ሞክሯል፤ የማንጎ ጭማቂ ግን መንገድ አያጣም፣ በእጅጌው ዞሮ ይገባል። ቤቱ በር ላይ ጫማውን አውልቆ ደግሞ ይታጠባል። ሚጣም ለምዳዋለች። እንደ ሌላው ልጅ ሮጣ አትጠመጠምበትም። ከበሩ ወዲያ ቆማ፣ እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ፣ "አባዬ፣ ታጠብክ?" ትለዋለች።

"ታጠብኩ፣ የኔ እናት።"

ያን ጊዜ ነው የምትመጣው።

ሚስቱ ጸጉር ሠሪ ናት፤ ነገር አታንዛዛም። "ለምን ሌላ ሥራ አትፈልግም?" አለችው አንድ ጊዜ። እሱም ፈለገ። ዕቃ መጋዘን ገብቶ ካርቶን ተሸከመ። ወገቡ እንቢ አለ፤ ከወገቡም ይበልጥ ልቡ እንቢ አለ። በምሳ ሰዓት ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ያለች ሴትዮ ሐብሐብ እያገነጣጠለች ስትቆርጥ ባየ ቁጥር ሄዶ ቢላውን ሊቀማት ይቃጣው ነበር። ተመልሶ እትዬ ጋ ሄደ። ሚስቱ ትልቅ ሳሙና ገዝታ አስቀመጠችለት።

ሁለቱም ሥራ በሚውሉበት ቅዳሜ ሚጣን የሚጠብቋት የሚስቱ እናት ናቸው። ሴትዮዋ አለርጂ የሚባል ነገር አይዋጥላቸውም። "በኛ ጊዜ ልጅ ፍሬ በልቶ ይፋፋል እንጂ ታሞ አያውቅም" ይላሉ። "ሐኪም ደግሞ ለሁሉ ነገር ስም ካላወጣ ሐኪም የሆነ አይመስለውም።" ልጣጭ ይህን ሲሰማ እርር ድብን ይላል። ግን አማት ናቸው፤ ምን ይበል? ቅዳሜ ቅዳሜ ቢላው እጁ ላይ፣ ልቡ ደግሞ ቤት ነው የሚውለው። ዛሬ ምን ያቀምሷት ይሆን? "ትንሽ ምን ትሆናለች" ብለው ይሆን? እንዲህ እያሰበ ሲከትፍ አንድ ሁለቴ ጣቱን ቆርጧል።

ነገሩ የሆነውም ቅዳሜ ቀን ነው፤ ማንጎ በሚትረፈረፍበት ወቅት።

ጠዋት እትዬ ወደ ኋላ ክፍል ብቅ አሉና "ዛሬ የልጅ ልደት አለ። ያንተን ብርጭቆ ነው የፈለጉት። አሳምረህ ሥራልኝ" አሉት። የማን ልደት፣ የት ሰፈር፣ አልጠየቀም። ጠይቆም አያውቅ። የሚሠራው ፍሬ የት ሄዶ ማን እንደሚበላው ማወቅ የሹፌሩ ፈንታ ነው።

ሠራ። ማንጎውን በመሃሉ ካለው ጠፍጣፋ ዘር ግራና ቀኝ እየሰነጠቀ፣ ሥጋውን በማንኪያ እየዛቀ ፈጨ። ሙዙን በስሱ ቆረጠ። ብርጭቆዎቹን ሞልቶ፣ ክዳን ደፍቶ፣ በሣጥን ደረደረ። ጭማቂው እስከ ክርኑ ወርዶ ደረቀ፤ ሸሚዙም ሽርጡም ቢጫ ሆነ። ሣጥኖቹን የፍራፍሬ ቤቱ ባጃጅ ላይ የጫነው ሹፌሩ ነበር። ሹፌሩን ጥድፊያ ይሉታል፤ በሕይወቱ ተጣድፎ ስለማያውቅ ነው።

ጥድፊያ ዕቃውን አድርሶ ሲመለስ ልጣጭ ለከሰዓቱ ገበያ ሌላ ማንጎ ይዞ ነበር። ሹፌሩ የጓሮውን በር ተደግፎ፣ ከመክተፊያው ላይ አንድ ቁራጭ አንሥቶ አፉ ውስጥ ከተተና፣

"ስማ ልጣጭ፣ ልጅህ እንዴት አድጋለች ጃል!" አለው።

"የት አየሃት ደግሞ?"

"እዚያው ልደቱ ቤት ነዋ። ቢጫ ቀሚስ ለብሳ፣ ከአማትህ ጋር። ሰላም ብላት ዝም አለችኝ። ኮራች መሰለኝ።"

ልጣጭ ክው አለ። ቢላው ከእጁ አምልጦ ጫማው አጠገብ ወደቀ። ጥድፊያ የቀልዱን መጨረሻ ሊናገር የከፈተውን አፍ እንደከፈተ ቀረ።

"ምን አልክ?"

"ልጅህን አየኋት አልኩህ። ምን ሆንክ?"

"ብርጭቆው... ለልጆቹ ሰጥተዋል?"

"እኔ ስወጣ ማደል ጀምረው ነበር።"

ስልኩን ለማውጣት እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ ጣቶቹ ተጣብቀው እሺ አላሉትም። ሚስቱ ጋ ደወለ። ይጠራል፣ አይነሣም። ቅዳሜ ነው፤ የጸጉር ማድረቂያው ጩኸት መሃል ማን ስልክ ይሰማል? አማቱ ጋ ደወለ። እሳቸው ደግሞ ስልክ የቤት ዕቃ ነው ብለው ስለሚያምኑ ይዘውት አይወጡም። እየሮጠ ወደ ፊት ወጣ። እትዬ "ሚጣ ልደቱ ቤት ናት" ሲላቸው ምንም ሳይጠይቁ ያዘዙት ሰዎች ጋ ደወሉለት። ስልኩ ተነሣ። ሙዚቃ፣ የልጆች ጫጫታ፣ ከዚያ የአንዲት ሴት ድምፅ፦ "አልሰማም! ጮክ በሉ! ብርጭቆው ደርሶናል፣ በጣም እናመሰግናለን!" ተዘጋ።

"ውሰደው" አሉ እትዬ ጥድፊያን። "ምን ትገተራለህ፣ ውሰደው!"

ባጃጇ ተነሣች። ልጣጭ ከኋላ ወንበር ላይ ወደ ፊት አጎንብሶ፣ በአፉ የሚለውን ሳያውቀው "ንዳ፣ ንዳ፣ ንዳ" ይላል። መንገዱ ሞልቷል። ከመስቀለኛው መንገድ ዝቅ ብሎ አንድ የጭነት መኪና አግድም ቆሞ ጡብ ያራግፋል። ሠራተኞቹ ጡቡን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ፣ እየተሣሣቁ። ልጣጭ ወርዶ ሊሮጥ አሰበ። ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አለው፤ ሽሮፑ። ሽሮፑ ቤት ነው፣ መኝታ ክፍሉ በር ኋላ በተሰቀለች ቦርሳ ውስጥ። ቤቱ በግራ ነው፣ ልደቱ ቤት በቀኝ። ሽሮፑን ይዞ ይሂድ ወይስ ልጁ ጋ ይሂድ? ሽሮፑን ሲያመጣ ልጅቷ ብታልፍስ? ልጅቷ ጋ ደርሶ ባዶ እጁን ቢቆምስ?

"በየት በኩል ልሂድ?" አለ ጥድፊያ። እሱም ድምፁ ተቀይሯል።

"ልጄ ጋ።"

ጥድፊያ መሪውን ጠምዝዞ የእግረኛው መንገድ ላይ ወጣ። አንዲት የአትክልት ሻጭ ቅርጫቷን አቅፋ ዘላ ተራገመች። ያን ቀን ሹፌሩ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ስሙ ነዳ።

ልጣጭ ያኔ ነው ወደ ታች ያየው። እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው፤ ቢጫ፣ ተጣባቂ፣ በየጥፍሩ ሥር የደረቀ ማንጎ። ሽርጡንም አላወለቀም። በዚህ እጅ ነው ላቅፋት የምሄደው? አለ በሆዱ። እጆቹን ከገላው አርቆ፣ የሌላ ሰው ዕቃ እንደያዘ ሁሉ ወደ ፊት ዘረጋቸው፤ እንደዘረጋቸው ደረሱ።

በሩ ላይ ፊኛ ተሰቅሏል። ግቢው በልጆች ሞልቷል። አንዲት ሴት ሽርጡን አይታ፣ "ወንድሜ፣ ባዶዎቹ ብርጭቆዎች ገና አልተሰበሰቡም፣ ትንሽ ቆይተህ ናልን" አለችው። የሚያየው አፍ ብቻ ነበር። በየቦታው ዙሪያውን ቢጫ የሆነ የልጅ አፍ፣ የሚያንጠባጥብ ማንኪያ፣ ቀሚስ ላይ የፈሰሰ ማንጎ፣ ወንበር ላይ የተለቀለቀ ማንጎ፣ ጣቱን የሚልስ፣ ያንኑ ጣት ጓደኛው ጉንጭ ላይ የሚያሳርፍ። ሁሉም የእሱ የእጅ ሥራ ነው። አንዱ ሕፃን ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ "ጣፋጭ ነው!" አለው።

በግቢው ጥግ፣ ከልብስ ማስጫው ኋላ አያቸው። አማቱ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሚጣ ከጎናቸው ቆማለች፤ አንጓዋን ጥብቅ አድርገው ይዘዋታል። ጭናቸው ላይ ከቤት የመጣ የምሳ ዕቃ ተከፍቷል፤ ውስጡ የተቀቀለ ድንች።

"ምን አበሏት?" አለ። ሰላምታም አልሰጠ፤ እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግሯቸው አያውቅም።

"ምንም! ምን አበላታለሁ?" አሉ ደንግጠው። "ጓደኛዋ ጠርታት አለቀሰችብኝ፣ አምጥቼያት እንጂ። ድንች ቀቅዬ ይዤላት ነው የመጣሁት። ያንተን ብርጭቆ ሳይ ደግሞ ጎትቼ እዚህ ጥግ አስቀመጥኳት። ማንኪያ የያዘ ሰው አላስጠጋሁም።" እጃቸውን ደረታቸው ውስጥ ከተቱና አንድ ጠርሙስ አወጡ። ሽሮፑ ነው። "ይኼንንም ይዣለሁ። ምን መሰልኩህ?"

ልጣጭ ጠርሙሱን አየ፣ እሳቸውን አየ። "እርስዎ እኮ... አያምኑም ነበር።"

"የምለፈልፈውና የምፈራው አንድ ነው እንዴ፣ ልጄ? ዝም ብዬ ከምፈራ ብዬ ነው የምለፈልፈው።"

ሊቀመጥ ነበር። እግሩ ስር ያለው መሬት ላይ ሊዘረር፣ ሊስቅ፣ ሊያለቅስ ነበር። ያን ጊዜ ሚጣ ፊቷን ወደ እሱ አዞረች።

ግራ ጉንጯ ላይ፣ ከዐይኗ ዝቅ ብሎ፣ የትንሽ አፍ ቅርጽ ያለው ቀይ እብጠት ወጥቷል። ዙሪያው እንደ ንብ ንድፊያ መነፋት ጀምሯል።

"ይሄ ምንድነው?"

"ምኑ?" አሉ አማቱ። መነጽራቸውን አላደረጉም። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ዳበሱትና ቀለማቸው ተገፈፈ።

"ጉንጮ ሳመችኝ" አለች ሚጣ። ጉንጮ የልደቱ ባለቤት ናት፤ የሚጣ የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ ጉንጯ ሙሉ የሆነ። "'እንኳን መጣሽልኝ' ብላ ሳመችኝ።" ከዚያ የአባቷን እጆች አየች። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። "አባዬ፣ ታጠብክ?"

ልጣጭ እጆቹን ከኋላው ደበቀ። "አልታጠብኩም የኔ እናት። አልታጠብኩም። እዚያው ቁሚ።"

"እኔ ማንኪያውን ስጠብቅ" አሉ አማቱ፤ "እኔ ማንኪያውን ስጠብቅ..."

"እማማ፣ ሽሮፑን ይስጧት። ጉንጯን በሳሙና ያጥቡልኝ። እኔ ልነካት አልችልም። ሳሙና! ሳሙና ስጡን!" ብሎ ጮኸ። ሙዚቃው ቆመ። ሰው ተሰበሰበ። የጉንጮ እናት ሳሙናና ባልዲ ይዛ እየሮጠች መጣች፤ ልጣጭ በግቢው ቧንቧ ስር እጁን ቆዳው እስኪላጥ ፈተገ። ጀርባውን ሰጥቶ ስለነበር አያይም፤ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነው። የውሃው፣ የአማቱ "አይዞሽ፣ አይዞሽ"፣ ሽሮፑ የሚቀዳበት ማንኪያ። ከዚያ በነዚህ ሁሉ መሃል ቀጭን ፉጨት።

ዞረ። ሚጣ አፏን ከፍታ ትከሻዋን ወደ ላይ ታነሣለች፣ ታወርዳለች። ከንፈሯ አብጧል። ዐይኗ እሱ ላይ ነው። እንደዚያ ያለ የልጅ ዐይን ያየ ሰው ደግሞ ማየት አይፈልግም።

ሸሚዙ አሁንም በማንጎ እንደበሰበሰ ነው። ሽርጡን በጠሰው፣ ሸሚዙን ቀድዶ መሬት ላይ ጣለው። አማቱ ልጅቷን ታቅፈው ባጃጇ ውስጥ ከኋላ ገቡ፤ እሱ ደረቱ እንደተራቆተ ከጥድፊያ ጎን ጠባቧ ቦታ ላይ ተሰነቀረ። ዞሮ እንኳ እንዳይነካት ሁለት እጁን ብብቱ ስር ቀረቀረ። መንገዱን ሁሉ ያደመጠው ትንፋሿን ነው። ሲያፏጭ ይፈራል። ፉጨቱ ሲቀንስ ደግሞ የበለጠ ይፈራል።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ያለችው ነርስ ያየችው መጀመሪያ እሱን ነው፤ ደረቱ የተራቆተ፣ ዐይኑ የፈጠጠ፣ እጁ የቀላ ሰውዬ። "ሰክሯል፣ ጥበቃ ጥሩ" አለች። ከዚያ ከኋላው አሮጊቷና ልጅቷ መጡ። ነርሷ ሚጣን ከእቅፋቸው ነጥቃ ገባች። ጭኗ ላይ መርፌ ወጓት፣ አፏ ላይ የኦክስጅን ጭንብል አደረጉላት። ልጣጭን "ውጪ ጠብቅ" አሉት። የበሩ መስታወት የተቀባ ነው፣ አያሳይም። ግንባሩን መስታወቱ ላይ አሳርፎ ቆመ። ከውስጥ ምንም አይሰማም። ለልጣጭ የዕድሜው ሁሉ ረጅሙ ጊዜ ያ ነው።

በመጨረሻ ነርሷ ወጣች። "ግባ። ግን መጀመሪያ ይሄን ልበስ" ብላ የሕመምተኛ ጋውን ወረወረችለት። "ትንፋሿ ተመልሷል። ሊያገረሽ ስለሚችል እስኪመሽ እናያታለን።"

ጥድፊያ ሄዶ የነገራት ሚስቱ ስትመጣ ጓንቷን እንኳ አላወለቀችም ነበር፤ የደንበኛዋ የጸጉር ቀለም እስከ አንጓዋ ድረስ አጥቁሯታል። ደንበኛዋን ግማሽ ጸጉሯን ቀብታ ጥላት ነው የሮጠችው። ልጇን ከእግር እስከ ራሷ ዳበሰቻት፣ ከዚያ ዞር ብላ "ማነው ያበላት?" አለች።

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔ ነኝ የወሰድኳት" አሉ እናቷ።

"የሠራሁት እኔ ነኝ" አለ ልጣጭ።

ሚጣ ጭንብሉን በአንድ ጣቷ ከፍ አደረገች። "ማንም አላበላኝም። ጉንጮ ሳመችኝ አልኩ እኮ።" መልሳ ደፋችው።

ያን ጊዜ አማቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ፤ ሚስቱም ተከተለች። ልጣጭ አላለቀሰም። ደጋግሞ የታጠበ እጁን አልጋው ጫፍ ላይ፣ ከልጁ እግር ትንሽ ራቅ አድርጎ አስቀመጠው። ሚጣ በእግሯ ጣት ነካችው።

ሰኞ ዕለት ሥራ ሲገባ እትዬን "ከእንግዲህ ማንጎ አልነካም" አላቸው። እትዬ መዳፋቸውን አገጫቸው ላይ አደረጉ። "በማንጎ ወቅት ማንጎ የማይነካ ፍሬ ቆራጭ ይዤ ምን ልሁን?" አሉ። ማንጎውን የተረከበችው አብራው የምትሠራ ሴት ናት፤ ግን በነፃ አይደለም። አናናሱን ሁሉ ለሱ ለቀቀችለት። አናናስ ቀኑን ሙሉ ሲልጡት የጣት ጫፍ ይበላል፣ ቁስል ላይ ይቆጠቁጣል፤ ማንም ፈቅዶ አይወስደውም። ልጣጭ ወሰደው። ማንጎውን ግን ከዚያ ክፍል ማውጣት አልተቻለም። ከጠረጴዛው ወዲያ ጫፍ ይቆረጣል፣ ሽታው ይመጣል፤ እሱም እንደ ድሮው ይታጠባል።

ሳምንት ሳይሞላ የጉንጮ እናት ልጇን ይዛ ቤታቸው መጣች። እሷ ገባች፤ ጉንጮ ግን ከበሩ ውጪ ቀረች። ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማለች።

"ምን ላድርጋት?" አለች እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ከዚያ ቀን ወዲህ ማንንም አትስምም፣ እኔንም ጭምር። 'አፌ ሰው ይገድላል' አለችኝ።"

ልጣጭ ወጣና ደረጃው ላይ፣ ከልጅቷ ትይዩ ተቀመጠ።

"እኔም እጄን እፈራለሁ" አላት።

ጉንጮ እጆቿን ሳታነሣ አየችው። "ታዲያ ምን ታደርጋለህ?" ድምፅዋ ከመዳፏ ውስጥ ነው የሚመጣው።

"እታጠባለሁ።"

"ከታጠብክ በኋላስ?"

ልጣጭ አሰበ። ለልጅ የሚነገር ጥሩ መልስ ብዙ ነበር፤ እሱ ግን ውሸት አልመጣለትም። "ከታጠብኩ በኋላም ትንሽ እፈራለሁ።"

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። ተነሥታ ወደ ቧንቧው ሄደች፣ ሳሙናውን አነሣች፣ አፏን ዙሪያውን አጠበች። ሳሙናው ገብቶባት ፊቷን ስትኮሳትር ከውስጥ ሆና የምታያት ሚጣ ከት ብላ ሣቀች። ጉንጮም ሣቀች፣ እየተፋች።

በኋላ አራቱም፣ ሁለቱ ልጆች፣ ልጣጭና አማቱ፣ የምግብ ጠረጴዛውን ከበቡ። አማቱ አሁን መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አስረዋል፤ የመጣውን ሰው ሁሉ አፍና እጅ አይተው ነው የሚያሳልፉት፤ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውንም አንድ ቀን "መዳፍህን ዘርጋ" ብለውታል። ልጣጭ ብርቱካኑን ልጦ፣ እየፈለቀቀ ለጉንጮ ሰጣት። ፖሙን በስሱ ፈቀፈቀው። ሎሚ ጨምቆበት በየብርጭቆው አደረገው።

"ሙዙን እኔ ልቁረጠው" አለች ሚጣ።

"ቢላ ነው እኮ።"

"አውቃለሁ።"

ሚስቱ ከጉንጮ እናት ጋር ጓዳው በር ላይ ቆማ ታየው ነበር። ልጣጭ ትንሿን ቢላ በእጀታዋ በኩል ለሚጣ ዘረጋላት፤ ዐይኑ ከጣቶቿ አይነቀልም። ሚጣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ ትንፋሿን ይዛ መቁረጥ ጀመረች። አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ወረቀት የሚያህል፣ አንዱ የተጨፈለቀ ሆነ። ሁሉንም በየብርጭቆው ከተተችው። ማንም አላረማትም።